በመሐረብ የሚመጣ አፈር

አው ዩሱፍ ማረፋቸውን የሰማሁት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መካከል ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በክፍሉ በር አንገቱን አስግጎ፣ «መምህር፣ ያ የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ሞተ አሉ። ከዝሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል» አለኝና ሄደ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ሒሳብ ሳልጨርስ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ተማሪዎቼ የጀመርኩትን የምጨርስ ሰው መሆኔን ስለሚያውቁ እርስ በርስ ተያዩ።

«የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ» ያለው ነገር መንገዱን ሁሉ ተከተለኝ። ግምጃ ቤት የገቡት በእኔ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ከድሬዳዋ እስከ ኤረር ትራክተር ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው «የማረሻው ዩሱፍ» በሚል ስም ነበር።

ድሬዳዋ የመጣሁት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ ባለ የእርሻ መሣሪያ መደብር ሥራ አገኘሁ። ባለቤቱ ፈረንጅ ነው። የራሱ ስም አለው፤ ግን ድሬዳዋ ፈረንጅን ሁሉ «ሙሴ» ስለሚል እኔም ሙሴ እለዋለሁ። ትራክተሮቹና ማረሻዎቹ በጅቡቲ ወደብ አልፈው በባቡር ይደርሱናል። ከእያንዳንዱ ማረሻ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ በሣጥኑ ውስጥ ይመጣል፤ የሚያነበው ግን አልነበረም። የእኔ ሥራ፣ ማረሻ ከትራክተር ጋር እንዴት እንደሚገጠምና እንደሚስተካከል የምታስረዳ አንዲት ትንሽ የአማርኛ መጽሐፍ ማዘጋጀት ነበር።

«ዩሱፍ ያሳይሃል» አለኝ ሙሴ። «እጁ ያውቃል። አንተ ጻፍ።»

መጀመሪያ ያየሁት ተረከዛቸውን ነው። ከትራክተር ሥር ተኝተው ከሽርጣቸው በታች ሁለት የተሰነጣጠቁ ተረከዞች ብቻ ይታያሉ።

«ጤና ይስጥልኝ። አቶ ዩሱፍ እርስዎ ነዎት?»

ከሥር ድምፅ መጣ። «አቦ! ስንት ሰው ነው የምትፈልገው? እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

እኔ የሸዋ ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ አንተ ማለት አፌን ይይዘኛል። ድሬዳዋ ግን ትልቁም ትንሹም አንተ ነው፤ ለሽማግሌ የምትጨመረው «አው» የምትባለው ማክበሪያ ብቻ ናት። በሳምንቱ አስተዉኝ። «እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኝና ዞሬ አያለሁ። አንገቴን አሳመምከው፣ ወላሂ!» በሕይወት ሳሉ አንተ እያልኩ ኖርኩ። አሁን ሊከለክሉኝ አይችሉምና አንቱ እላቸዋለሁ። አክብሮቱ እንደዘገየ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፤ አለዚያ የደረሰው በደል አይገባም።

በበሬ የሚያርስ ገበሬ እርፉን ጨብጦ ነው የሚሄደው። ማረሻው ቢያጋድል ወይም ጠልቆ ቢገባ ወዲያው በእጁ ያርመዋል። ትራክተር ግን ማረሻውን ከኋላው አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ነጂውም ጀርባውን ሰጥቶታል። ስለዚህ እርማቱ አስቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ትራክተር ሲያርስ የቀኝ ጎማዎቹ ቀደም ብሎ በተከፈተው ፈር ውስጥ ይሄዳሉ፣ የግራዎቹ ግን ገና ባልታረሰው መሬት ላይ። ትራክተሩ እንደ አንካሳ ወደ ቀኝ እንዳዘነበለ ይውላል፤ ማረሻው ግን ማዘንበል የለበትም። ይህን መደብር ውስጥ፣ ልሙጥ ሲሚንቶ ላይ ለማስተካከል ከግራ ጎማዎቹ ሥር ጣውላ ይደረጋል። ውፍረቱ የፈሩን ጥልቀት ያህል ነው። ያን ጊዜ ትራክተሩ ልክ እርሻ ውስጥ እንዳለ ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ ማረሻውን የሚያነሳውን የቀኝ ክንድ በእጅ መዘውሩ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ማረሻው ሲሚንቶው ላይ እኩል እስኪያርፍ ማስተካከል ነው።

ይህን ለማስረዳት እኔ ሁለት ገጽ ፈጅቶብኛል። አው ዩሱፍ በአራት ቃል ነበር የሚጨርሱት፦ «ትራክተሩ ያንክስ፤ ማረሻው አያንክስ።»

ጣውላቸው ሦስት ዓይነት ነው። ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን። ማረሻው ታሽጎ ከመጣበት ሣጥን ራሳቸው የቆረጧቸውና ደራርበው የቸነከሯቸው ናቸው። ለምን ሦስት? ጠንካራ መሬት ላይ የግራው ጎማ አይሰምጥም፤ ለስላሳ መሬት ላይ ይሰምጣል። ጎማው ከሰመጠ ትራክተሩ የሚያዘነብለው ባነሰ ነው፤ ስለዚህ ጣውላውም በሰመጠው ልክ መቅጠን አለበት። ይህን የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በአንድ መስመር፣ በደቃቅ ፊደል ይነካውና ያልፋል። አው ዩሱፍ ዘንድ ግን የሥራው መጀመሪያ ይህ ነበር።

ማረሻ የሚያስገጥም ሰው ሁሉ ከእርሻው አፈር ይዞ መምጣት አለበት፤ ሕጋቸው ነው። አንዱ በመሐረብ ቋጥሮ ይመጣል፣ ሌላው በሲጋራ ጣሳ፣ ሌላው በኩታው ጫፍ። ፈረንጆቹ ባለ እርሻዎች ሳይቀሩ በፖስታ አሽገው ይልኩ ነበር። አው ዩሱፍ አፈሩን መዳፋቸው ላይ ያፈሱና ጭብጥ፣ ከፈት ያደርጉታል። በአውራ ጣታቸው ይሰብሩታል። ከዚያ ሰውየውን እንደመጣበት በኦሮምኛ፣ በሱማሌኛ፣ በሐረሪኛ ወይም በአማርኛ ይጠይቁታል። ጎርፍ ይተኛበታል? ከብት ይውልበታል? ባለፈው ምን ነበረበት? ጥያቄው ሲያልቅ ከሦስቱ ጣውላዎች አንዱን በእግራቸው ገፋ አድርገው ያወጣሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ባለ መሬት፣ መሬቱ አሸዋማ መሆኑ ሰው ፊት አሳፍሮት፣ ከጎረቤቱ አትክልት ቦታ ጥቁር አፈር ቋጥሮ መጣ። አው ዩሱፍ ጨበጡት፣ ከፈቱት፣ ከውስጡም አንዲት የደረቀች ቅጠል አወጡ።

«ማሻአላህ፣ መሬትህ ማንጎ አብቅሏል። ለምን ታርሰዋለህ? ከሥሩ ተኛበት እንጂ።»

መደብሩ በሳቅ ተሞላ። ሰውየው ግን ሲስቁበት አልተቀየመም፤ በማግስቱ የራሱን አሸዋ በጣሳ ይዞ መጣ።

እኔ ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ። ነገርን በተራ ማስቀመጥ እወዳለሁ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሁሉም ነገር በተራ ገባልኝ። ጣውላው ዘንድ ስደርስ ተሰናከልኩ።

«መሬቱ ለስላሳ ሲሆን ስንት ትቀንሳለህ?» አልኳቸው።

«እንደ ልስላሴው።»

«እሱማ ነው፤ ግን በቁጥር ንገረኝ።»

«እጄ ቁጥር አያውቅም፣ መምህር። አፈር ነው የሚያውቀው። ና፣ ጨብጥ።» መዳፌ ላይ አፈር አፈሰሱልኝ። «አፈሩ ምን አለህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ነገም ጨብጥ።»

ጥቂት ቀን ጨበጥኩ። ከዚያ ክረምቱ አለቀ፤ ሙሴም መጽሐፉን ፈለገ። መዳፍ አይጻፍም ብዬ ወሰንኩ። ወፍራሙን ጣውላ በማስመሪያ ለካሁና በሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ከግራ ጎማዎች ሥር ሃያ ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይደረጋል።» ሲነበብ ጥርት ያለ ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ኮራሁ።

መጽሐፏ ታትማ ስትመጣ ሽፋኗ ላይ ያለው የእኔ ስም ብቻ ነበር። አንዷን ወስጄ ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ገጾቹን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ አሳለፉና፣ «አፈሩ የት ጋ ነው ያለው?» አሉኝ።

«አፈሩን አልጻፍኩትም። ለማንበብ ያስቸግራል።»

«እ» አሉ። መጽሐፏን ከቡሎን መፍቻ ቁልፎቻቸው ጋር በቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጧት።

በሁለተኛው ዓመት ማረሻውን ከሚሠራው የውጭ ፋብሪካ ለሙሴ ደብዳቤ መጣ። ከእንግዲህ ማረሻ የሚገጥመው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ሰው ብቻ ነው ይላል። ሙሴ ጠራኝ። «ፈተና አውጣ» አለኝ። «ከመጽሐፍህ።» ተፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አው ዩሱፍና ታደሰ። ታደሰ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ በመደብሩ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ጨዋ ሰው ነው፤ መጽሐፌንም በቃሉ ይዟታል። አሥር ጥያቄ አወጣሁ፤ ለእያንዳንዱ አሥር ነጥብ፣ ለማለፍ ስድሳ። አው ዩሱፍ ስለማያነቡ በቃል እንድጠይቃቸው ሙሴን ለምኜ አስፈቀድኩ። ይህን ያደረግሁት ለእሳቸው ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያን ቀን መጀመሪያ ማየቴ ነው። አንዳንዱን በትክክል መለሱ፤ አንዳንዱን ግን እጃቸውን በአየር ላይ እያዞሩ አሳዩኝ፤ እጅ ደግሞ ነጥብ አያሰጥም። በመጨረሻ አምስት ትክክል ነበራቸው። አንድ ብቻ ይጎድላል፤ የቀረችውም ጥያቄ ያቺ የጣውላዋ ነበረች። ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆይቼላቸው ነበር፤ በጣውላ ጉዳይ ይህን ሰው ማን ይረታዋል ብዬ።

«ከግራ ጎማ ሥር የሚደረገው ጣውላ ውፍረቱ ስንት ነው?»

«የት መሬት ላይ?»

«እንዲሁ ነው ጥያቄው፤ መሬት አልተጻፈበትም።»

«እና አፈሩ የታለ?»

«አው ዩሱፍ፣ አንድ ቁጥር ብቻ በለኝ። ታውቀዋለህ እኮ፤ ወፍራሙ ጣውላ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ወፍራሙን ማለቴ ገብቷቸዋል። ሃያ የሚለውን ታደሰ ቀኑን ሙሉ ጮክ ብሎ ሲያጠና ሰምተውታል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው።

«ኤረር ከሆነ ወፍራሙ እርሻውን ያጠፋዋል» አሉ። «የሐርላ ጠንካራ መሬት ከሆነ እሺ። የት መሬት ላይ ብዬ ጠየቅሁህ፣ መምህር። አንተ ንገረኝ።»

ሙሴ ከጠረጴዛው ማዶ ሰዓቱን አየ። እኔ በቀይ ቀለም አንድ ኤክስ አደረግሁ። ሃምሳ።

ታደሰ የምስክር ወረቀቱን አገኘ። አው ዩሱፍ ወደ ጓሮ፣ ወደ ቆርቆሮው ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ቡሎንና ዳዶ እየለዩ ለሚጠይቅ ሰው ማውጣት ሥራቸው ሆነ። የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ሥር ከሰዓት በኋላ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም። ሦስቱን ጣውላዎች ይዘዋቸው ሄዱ። ማንም አልከለከላቸውም፤ መጽሐፉ አንድ ጣውላ ብቻ ነበር የሚያዘው።

ሰዎች ግን አፈር ማምጣታቸውን አልተዉም። ከእነዚህ አንዱ አደም የሚባል የኤረር ሰው ነበር፤ በመስኖ የሚያለማ፣ ዘመዶቹን አስተባብሮ የመጀመሪያ ትራክተሩን የገዛ። በነጭ መሐረብ የቋጠረውን አፈር ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እዚያው ነበርኩ።

«ምንድን ነው?» አለው ታደሰ።

«አፈሬ ነው። የማረሻው ዩሱፍ የታለ?»

«ወንድሜ፣ እኛ ማረሻ ነው የምንሸጠው፤ አፈር አንገዛም» አለና ታደሰ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። እኔም ሳቅሁ።

አደም መሐረቡን መልሶ ቋጠረ። ታደሰ ማረሻውን በሰባተኛው ተራ ቁጥር መሠረት፣ በሃያ ሴንቲሜትር አስተካከለለት። ሥራው የተጣራ ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ።

በሁለተኛው ወር አደም ተመለሰ። ሰላምታ አልሰጠም። የኤረር መሬቱ ለስላሳ ስለነበር የግራው ጎማ ሰመጠ፤ ማረሻው ወደ ግራ አጋደለ። መሬቱን የሚቆርጠው የግራው ሳህን መሰል ብረት ጠልቆ፣ የቀኙ መሬቱን ጫር ብቻ እያደረገ ስላረሰ፣ እርሻው እንደ ደረጃ ሆኖ ወጣ። ውኃ ሲለቀቅበት ጥልቁ ውስጥ ተኛ፣ ከፍ ያለውን አልነካውም። ግማሹ ዘር ሰጠመ፣ ግማሹ ደረቀ። ለዘመዶቹ ምን ብሎ እንደሚመልስ አላወቀም፤ ትራክተር ግዙ ያላቸው እሱ ነው።

ሙሴ «ዩሱፍን ውሰዱት» አለ። አው ዩሱፍ ጣውላዎቻቸውን መኪና ላይ ጫኑ፤ እሳቸው፣ እኔ፣ ታደሰና አደም ወደ ኤረር ሄድን።

እርሻው ዳር ሲደርሱ ሸበጣቸውን አወለቁ። በተረከዛቸው መሬቱን አንድ ጊዜ ረገጡት፤ ተረከዙ ገባ። ጎንበስ ብለው አፈሩን አንስተው ጨበጡ። ፊታቸው ላይ የደስታም የብሶትም ምልክት አልነበረም። ወደ ጠንካራው የመኪና መንገድ ትራክተሩን አስወጥተው ቀጭኑን ጣውላ ከግራ ጎማዎቹ ሥር አደረጉ፤ መዘውሩን ጥቂት ዙር አዞሩት፤ ማረሻውን ከላይ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘውን ክንድ አጠበቁ። ነጂው አንድ ፈር ሄዶ ተመለሰ። የታረሰው መሬት እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ልሙጥ ነበር።

አደም ፈሩን አየና ወደ አው ዩሱፍ ዞረ። «አፈሬን ይዤ ስመጣ የት ነበርክ አንተ?»

«ዳዶ እለይ ነበር» አሉት።

ታደሰ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን፣ አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል፣ ደብተሬን አወጣሁ። «አው ዩሱፍ፣ ከሃያው ስንት ቀነስክ?» አልኳቸው።

ሸበጣቸውን እያደረጉ ነበር። ቀና አላሉም። «አሁን ትጠይቀኛለህ? ያን ቀን እኔ ጠየቅሁህ። ኤክስ ሰጠኸኝ።»

በማግስቱ ሙሴ ዘንድ ገባሁና አው ዩሱፍ ወደ ሥራቸው መመለስ አለባቸው አልኩት። ሙሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ነው። «ፈተናው ያንተ ነው» አለኝ። «የመጽሐፍህ ሰባተኛ ቁጥር ስሕተት ነበረ፣ የዩሱፍ መልስ ልክ ነበረ ብለህ ጻፍና ፈርም። ለፋብሪካው እልከዋለሁ። እሱም ወረቀቱን ያገኛል።»

ቀላል ነገር ነበር፤ ሦስት መስመር። ነገር ግን ያቺን መጽሐፍ በዚያው ወር ለትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገብቻት ነበር፤ የዳይሬክተርነት ቦታ ተከፍቶ ስለነበር ከማመልከቻዬ ጋር። በሽፋኗ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ የእርሻ ዘር ያበላሸች መጽሐፍ ናት ብዬ ራሴ ልፈርም? የማመልከቻዬ መልስ ከመጣልኝ በኋላ እፈርማለሁ አልኩ። ለሙሴ «ነገ» አልኩት።

ታደሰ ለአው ዩሱፍ ነግሯቸው ኖሯል። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ፈረምክ?»

«ነገ።»

«ነገ ጥሩ ቀን ነው» አሉና ወደ ዳዶዎቻቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታችን ይህ ሆነ። «መምህር፣ ነገ እንዴት ነው?» ይሉኛል እየሳቁ። «ደኅና ነው» እላለሁ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። በኋላ መንገድ መቀየር ጀመርኩ፤ ከዚራ ለመሄድ በመጋላ ሰፈር በኩል እዞራለሁ። የዳይሬክተርነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ላለመፈረም ምንም ምክንያት አልነበረኝም፤ ሆኖም አልፈረምኩም። የዘገየ ነገር ለምን ዘገየ ተብሎ ይጠየቃልና ፈራሁ። መጽሐፏ ሁለተኛ ጊዜ ስትታተም ግን ያን ቀጭን ጣውላ አው ዩሱፍ በሌሉበት ገብቼ በማስመሪያ ለካሁትና አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ለለስላሳ መሬት አሥራ አምስት ሴንቲሜትር።» የማን እንደሆነ አልጻፍኩም። መሬቱ ለስላሳ መሆኑ በምን እንደሚታወቅም አልጻፍኩም፤ አላውቀውማ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሞታቸው በድንገት ነው አሉ፤ እዚያው ግምጃ ቤት፣ የዳዶ ሣጥን ፊት ለፊት፣ ቁጭ ባሉበት።

መቃብሩ ቦታ ስደርስ ሰው ብዙ ነበር። ከባቡር ሠራተኛውም፣ ከነጋዴውም፣ ከገጠሩም የመጣ አለ። ታደሰ ከኋላ ቆሟል፤ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ሬሳው ገባ፤ ዱዓ ተደረገ። ከዚያም ሰው በየተራው ቀረብ እያለ ሦስት ሦስት እፍኝ አፈር ወደ መቃብሩ ይመልስ ጀመር። እኔም በተራዬ ቀረብኩ። ከጎኔ ያለው ሰው አደም ነበር፤ የኤረሩ።

አደም አፈሩን አነሳና ወዲያው አልመለሰውም። ሳያስበው ይመስለኛል፣ ጨበጥ አድርጎ ከፈተው፤ በአውራ ጣቱ ሰበረው። ለራሱ ያህል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መለሰው።

እኔም አነሳሁ። ጨበጥኩ፣ ከፈትኩ። አፈሩ መዳፌ ላይ ተቀመጠ፤ የጣቶቼ ምልክት ታትሞበታል። ይህ ለስላሳ ነው ወይስ ጠንካራ? ወፍራሙ ነው ወይስ ቀጭኑ? ቆሜ ጠበቅሁ። ምንም አላለኝም።

«መልሰው እንጂ፣ መምህር» አለኝ አደም። «ሰው ቆሟል።»